የገዛሁት ታንክ ውስጥ ወርቅ ተገኘ፤ የማን ነው?

ሕግ የምታውቁ እባካችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ለስብስቤ ብዬ አሮጌ ታንክ ገዛሁ። የነዳጅ መያዣውን ስንፈታ የሆነ ከባድ ነገር ተንኳኳ። ለካ የወርቅ ጡብ ነው! እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

የሽያጭ ውሉ «ተሽከርካሪው ከነመለዋወጫው» ይላል፣ በቃ። ሻጩም ስለ ወርቁ አያውቅም ነበር። ታዲያ ያላወቀውን ሸጦልኛል ይባላል? ያገኘ ሰው ከእውነተኛው ባለቤት በቀር ሌላውን ሁሉ ይቀድማል ሲባል ሰምቻለሁ። ግን በጦርነት የተዘረፈ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ ውስጥ ከቀድሞ የኢራቅ ጦር ታንክ የወጡትን የወርቅ ጡቦች አግኚዎቹ ለፖሊስ አስረክበዋል። ከኩዌት ተዘርፈው ይሆናል ተብሎ ነበር።

እኔም ላስረክብ ነው፤ መደበቁ ጣጣ ነው። ባለቤቱ ካልተገኘስ? ለእኔ ይመለሳል፣ ለሻጩ ወይስ ለመንግሥት? ሳስረክብ ደረሰኙ ላይ ምን ላስጽፍ?