«ከእጅ ወደ አፍ» ወይስ «ቀለብ»? የዓሣ ነባሪ አደን በአማርኛ ምን ይባል?

የሲያትሏ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ ማካ ሕዝብ የዓሣ ነባሪ አደን ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። ማካዎች እኛው ግዛት ውስጥ፣ ዋሽንግተን ጫፍ ላይ፣ ኒያ ቤይ በሚባል ቦታ የሚኖሩ የባሕር ሰዎች ናቸው። እናቴ አጠገባችን ቡና እየቆላች «ምንድን ነው የሚያነበው?» አለችኝ። የሚያነበው «ሰብሲስተንስ ሀንቲንግ» ይላል፤ ለራስ መኖሪያ የሚደረግ አደን መሆኑ ነው። እኔም ሳላስብ «ከእጅ ወደ አፍ የሆነ አደን ነው» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ! አሜሪካም እንዲህ የተቸገረ ሰው አለ?»

መሳሳቴ ገብቶኛል። ግን የቱ ጋ ነው የሳትኩት? «ከእጅ ወደ አፍ ግብርና» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ሁለተኛው ጣጣ «ኢንዲጂነስ» ነው። «ነባር ሕዝቦች ዓሣ ነባሪ ሲያድኑ» ብዬ ብጽፈው ቤት የሚመታ ግጥም መሰለብኝ። ነባርና ነባሪ ዘመድ ናቸው እንዴ?

ብራና፦
ልጄ፣ ዘመድ አይደሉም። ድምፃቸው ነው የገጠመው።

«ነባር» ከ«ነበረ» ይወጣል፤ ቀድሞ የነበረ፣ የኖረ ማለት ነው። ዓሣ ነባሪው ግን ከግዕዙ «ዐንበሪ» የመጣ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 21 ላይ «ዐናብርት ዐበይት» ይላል፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ታላላቆች አንበሪዎች» ብሎታል። ዐረቦችም «ዐንበር» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ «ዓሣ አንበሪ» ቶሎ ቶሎ ሲነገር «አ»ዋ ተዋጠች። ሰው ደግሞ የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው መሳብ ልማዱ ነው። «ነባሪ» አለውና ተገላገለ።

ለ«ኢንዲጂነስ» «ነባር ሕዝብ» ይበቃል። እኔ «ባላገር» ቢባል ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነውና። ምን ዋጋ አለው፣ ከተሜው ስድብ አደረገው።

ዋዛ፦
ጋሽ ብራና፣ አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ዓሣ ነባሪ ዓሣ ከተባለ በፍልሰታ ይበላል ማለት ነው?

ብራና፦
ግልገሉን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። ስሙ ዓሣ ነው ብለህ እንዳትቀርበው። የዓሣውንም ነገር ለንስሐ አባትህ ተወው።

ችሎት፦
እህቴ፣ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። «ከእጅ ወደ አፍ» ማጣትን ነው የሚናገረው። ለነገ የሚተርፍ የለም ማለት ነው። «ሰብሲስተንስ» የሚለው የአሜሪካ ሕግ ግን ስለ ድህነት አያወራም።

የአሜሪካ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዓሣ ነባሪውንም፣ ዋልረሱንም፣ የዋልታ ድቡንም ማንም እንዳይነካ ከለከለ። ከዚያ አንድ በር ተወ። በአላስካ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ነባር ሰዎች ለኑሯቸው ማደን ይችላሉ፤ የባህል ልብስና የእጅ ሥራ ሠርቶ ለመሸጥም ይችላሉ። ሁለት ማሰሪያ ግን አለው። አንደኛ፣ አደኑ የሚያባክን መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ዝርያው ተመናምኗል ከተባለ መንግሥት ደንብ ሊያወጣበት ይችላል።

ይሄን ሳነብ የመጣልኝ «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» የሚለው ያገራችን አባባል ነው። ጉርሱም ልብሱም አንድ አንቀጽ ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

ብራና፦
መልካም ብለሃል። ስለ ልብስ ካነሳህ፣ «ሲል» የሚሉትን የባሕር እንስሳ «አቆስጣ» ብትሉት ምን ይመስላችኋል? ዘጸአት ላይ ድንኳኑ የተሸፈነበት «የአቆስጣ ቁርበት» አለ። ዕብራይስጡ ቃል የትኛው እንስሳ እንደሆነ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ የባሕር እንስሳ ነው የሚሉ ግን አሉ። ቃል ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ሥራ ብንሰጠው ብዬ ነው።

ጉዛራ፦
እኔ «የቀለብ አደን» በሉት ባይ ነኝ። ቀለብ የቤት ነው። ጎተራ ውስጥ ያለ ነው። «የዓመት ቀለብ» እንላለን እንጂ የዓመት ከእጅ ወደ አፍ አንልም።

ችሎት፦
ፍርድ ቤት የሚውል ሰው «ቀለብ» ሲል የሚሰማው ሌላ ነው። ባልና ሚስት ተፋትተው ለልጅ የሚቆረጠው ገንዘብ ነው። ዓሣ ነባሪውን ለማን ልንቆርጥለት ነው?

ጉዛራ፦
«ለቤት ቀለብ» ስንል ይጠራል። ፍርድ ቤት ሁሉንም ቃል ወሰደው እኮ!

አንኮሬጁ፦
እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። አላስካ ነው የምኖረው። ለሥራ ወደ ሰሜኑ ጫፍ፣ ኡትቅያግቪክ ተመላልሻለሁ። «ባሮው» ብላችሁ ታውቁት ይሆናል፤ በ2016 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ወደ ጥንት ስሙ መለሰው። ሕዝቡ ኢኑፒያት ይባላሉ።

ጉዛራ ልክ ነው። ቀለብ ነው፣ ያውም የዓመት። የሚያድኑት ቦውሄድ የሚባለውን ነው። በጭንቅላቱ በረዶ ሰብሮ የሚተነፍስ፣ ከ200 ዓመት በላይ መኖር የሚችል ጉድ ነው። በ2007 ከተያዙት ባንዱ ሰውነት ውስጥ በ1800ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የሚፈነዳ ጦር ስባሪ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ጦር ወደዚያ ያመጡት የንግድ አዳኞች ነበሩ። ዝርያውን ያመናመኑትም እነሱው ናቸው፤ ለዘይቱና አፉ ውስጥ ላለው፣ እንደ ቀንድ ለሚጠነክረው ማበጠሪያ ነገር ሲሉ።

ሥጋው የሚቀመጠው ዓመቱን ሙሉ ከማይቀልጥ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጓዳ ነው። ጎተራ በሉት። ቆዳውን ከነጮማው «ማክታክ» ይሉታል፤ ጥሬውን ይበላል። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሐበሻ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ጠንከር ይላል እንጂ።

አከፋፈሉን ቅርጫ እንዳትሉት። ቅርጫ ላይ ገንዘብ ይዋጣል፣ መደቡም እኩል ነው። ይሄ የሚቀርበው ለብልት አወጣጥ ነው። የትኛው ክፍል ለጀልባው አለቃ፣ የትኛው ለቡድኑ፣ የትኛው ለመንደሩ እንደሚደርስ በልማድ የታወቀ ነው፤ ብልት አዋቂም አላቸው። አለቃው «ኡሚያሊክ» ይባላል። «ኡሚያክ» ከቆዳ የሚሠራው ጀልባቸው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ሊክ» የኛዋ «ባለ» ናት። ባለ ጀልባ! ቃሉ ሀብታምም ማለት ነው። ግን ይሄ ሀብታም ሰኔ ላይ «ናሉካታቅ» በሚባለው በዓል የያዘውን ለመንደሩ ሲያድል ይውላል። ሰው በተወጠረ ቆዳ ላይ ወደ ሰማይ እየተወረወረ ይጨፈራል።

የቦውሄድን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ከአጥንቱ የተሠራ የእጅ ሥራ ግን ይሸጣል።

የሲያትሏ፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ላስቸግርህ። ልጄ የሚያነበው ላይ «ስትራይክ» የሚል ቃል አሥር ጊዜ ይመላለሳል። የሥራ ማቆም አድማ ነው እንዴ አልኩ።

አንኮሬጁ፦
አድማ አይደለም! «ምት» በይው። የኮታው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። በ1946 ስምምነት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን በ1977 የኢኑፒያትንና የዩፒክን (እነሱም የአላስካ ነባር ሕዝብ ናቸው) የቦውሄድ አደን ጨርሶ ከለከለ። ሳይንቲስቶቹ የቀሩት ከ2,000 አይበልጡም ብለው ነበር። መንደሩ ተናወጠ። አዳኞቹ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ፤ የአላስካ ኤስኪሞ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ይባላል። («ኤስኪሞ» ብዙዎችን የሚያስከፋ ስም ነው። እነሱ ግን በኮሚሽናቸው ስም ላይ ትተውታል፤ ምርጫው የእነሱ ነው።) ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለ1978 የተፈቀደላቸው 12 ተይዘው ዳር የሚወጡ፣ ወይም 18 ምት ነበር።

«ወይም» የምትለዋን ያዙልኝ። ተመትቶ በረዶ ሥር ገብቶ ያመለጠ ዓሣ ነባሪም ይቆጠራል። እኛ አገር ፉከራ ላይ የሚቆጠረው የወደቀው ግዳይ ነው። እዚህ ቆስሎ ያመለጠውም ከድርሻህ ይቀነሳል። «ግድያ» ብለሽ ከተረጎምሽው ሒሳቡ ይበላሻል። ለዚህ ነው «ምት» የምለው።

አዳኞቹ ቆጠራው ስህተት ነው ብለው ሲከራከሩ ኖሩ። ከበረዶው ዳር ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው የሚያየው በክፍት ውኃ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ዓሣ ነባሪው ግን በረዶ ሥርም ይሄዳል፣ ከዳር ርቆም ያልፋል አሉ። ሃሪ ብራወር የሚባሉ አንጋፋ የጀልባ አለቃ ይህን ለሳይንቲስቶቹ በትዕግሥት ካስረዱት አንዱ ናቸው። በ1980ዎቹ ድምፅ ማዳመጫ ባሕር ውስጥ ተከተተ። ከበረዶው ሥር ድምፁ ተሰማ። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሆነው ተገኙ።

አሁን ኮሚሽናቸው ከፌዴራል መንግሥት ጋር ተስማምቶ ምቱን ለ11 መንደሮች ራሱ ያከፋፍላል፣ ደንብ የጣሰውንም አለቃ ራሱ ይቀጣል። ከ2019 እስከ 2025 ለአላስካና ማዶ ላሉት የሩሲያ ቹኮትካ ሰዎች በጋራ የተፈቀደው 392 ዳር የሚወጣ ነበር፤ በዓመት 67 ምት።

ችሎት፦
እንዲህ ከሆነ «ሬጉሌት» የሚለውን «መቆጣጠር» ማለቱም ይቅር። ቁጥጥር ሲባል ፖሊስ በር ላይ የቆመ ይመስላል። «ሥርዓት ማስያዝ»ም ሥርዓት ያልነበራቸው ያስመስላል። «ገደብ ማበጀት» ብንለውስ?

በዚያው የ1972 ሕግ ውስጥ «ቴክ» የሚልም ቃል አለ። «መውሰድ» ብለው የሚተረጉሙ አይቻለሁ። ሕጉ ሲፈታው ግን ማወክ፣ ማደን፣ መያዝ፣ መግደል፣ እነዚህንም መሞከር ነው። በጀልባ እየተከተልክ ብታስበረግገው ምንም ሳትወስድ ጥፋተኛ ነህ። እኔ «መንካት» ነው የምለው። «እንዳትነካው» ብሎ እናት ልጇን ስትቆጣ ሁሉንም ይጠቀልላል።

አንድ ነገር ግን ያከራክረኛል። ግሪንላንድ ውስጥ ሥጋው ገበያም ሱቅም ይሸጣል። በዚህ ሰበብ በ2012 ፓናማ ላይ ዓለም አቀፉ ኮሚሽን ኮታቸውን አላጸድቅም አለ፤ የተመለሰላቸው በ2014 ነው። ቀለብ ከሆነ ለምን ሱቅ ገባ?

ጉዛራ፦
የኔ እናት ጤፍ ከሱቅ ነው የምትገዛው። ቀለብ አይደለም ልትል ነው?

የሲያትሏ፦
የማካዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ1855 ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። ውሉ ላይ ዓሣ ነባሪ የማደን መብታቸው በስም ተጽፏል። በ1920ዎቹ ግን ዓሣ ነባሪው ስላለቀ ራሳቸው ተዉት። በ1994 ግራጫው ዓሣ ነባሪ አገግሟል ተብሎ ሊጠፉ ነው ከተባሉ እንስሳት ዝርዝር ሲወጣ መብታችንን አሉ፣ በ1999 አንድ ያዙ። ከዚያ ክስ ሆነ። ፍርድ ቤቱ የያዘው ውሉ ላይ ያለችውን «ከሁሉም የአሜሪካ ዜጎች ጋር በጋራ» የምትል ሐረግ ነው። በጋራ ከሆነ የጥበቃ ሕጉ እናንተንም ያስራል ተባሉ። ከሕጉ ነጻ የሚያደርጋቸው ፈቃድ የመጣው በ2024 ነው፤ በ10 ዓመት ውስጥ ቢበዛ 25።

ብራና፦
ልጄ፣ ውጫሌን አስታወስሽኝ። አንቀጽ 17! የኛው አማርኛ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ የጣሊያንኛው የግድ ያደርገዋል። በአንድ ግሥ ጦርነት ተነሣ። ለመሆኑ ያንን ውል ለማካዎቹ በምን ቋንቋ ነው ያስረዷቸው?

የሲያትሏ፦
በእንግሊዝኛም በማካም አይደለም፣ ጋሼ። ቺኑክ ጃርጎን በሚባል የነጋዴ መግባቢያ ነው። ጥቂት መቶ ቃል ብቻ ያለው።

ብራና፦
በጥቂት መቶ ቃል «በጋራ»ን እንዴት ብለው አስረዱት ይሆን! የኛዎቹስ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አላጡም ነበር።

የሲያትሏ፦
እንግዲህ ማታ ለእናቴ እንደገና ነገርኳት። «ነባር ሕዝቦች ለቤትና ለመንደር ቀለብ የሚያደርጉት የባሕር አጥቢዎች አደን፣ ከነገደቡ» አልኳት። አሁን ከንፈር አልመጠጠችም። «የሰው ቀለብ ማን ነው የሚቆጥረው?» ብላ ተቆጣች። የልጄ ጽሑፍ ግማሹ ስለዚያ ሆኗል። በአማርኛም እየገለበጥኩላት ነው፣ ራሷ ታንብበው ብዬ።

ብራና፦
ጥሩ አድርገሻል። ብቻ «አዳኝ» የሚለው ላይ ተጠንቀቂ። «ዳ» ጠብቃ ስትነበብ የሚገድል ነው፣ ስትላላ የሚያተርፍ ነው፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። «ዳ» ላይ የማጥበቂያ ነጥብ አድርጊባት። አለዚያ እናትሽ ዓሣ ነባሪው ተረፈ ብለው እልል ይላሉ።