የላይኛው አዋሽ የበጋ ፍሰት፦ ኤስፒአይ «ድርቅ የለም» እያለ ወንዙ ለምን ይጎድላል?

ገባር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቆቃ ግድብ በላይ ካለው የሆምቦሌ ጣቢያ የ30 ዓመት ዕለታዊ ፍሰት ይዤ ድርቅ እየገመገምኩ ነው። የሦስት ወር ኤስፒአይ (ዝናቡ ከመደበኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ መለኪያ፤ ዜሮ መደበኛው ነው) ጥርና የካቲት ላይ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ ፍሰቱ ከኪው95 (95 በመቶው ጊዜ ወንዙ ከሱ በላይ ከሚሆንበት ፍሰት) በታች የሚወርድባቸው ዓመታት አሉ። 7ኪው10ንም (በአማካይ በ10 ዓመት አንዴ የሚደረስበትን ዝቅተኛ የ7 ቀን አማካይ ፍሰት) ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሳሰላው ተከታታይ ዓመታት ተቀራራቢ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጡኛል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ምንጭ ውሃ፦ ሁለተኛው ቀላል ነው። ጃንዋሪ 1 በጋውን መሀሉ ላይ ስለሚቆርጠው የአንዱ በጋ ጉድለት ለሁለት ዓመት ይመዘገባል። ዓመቱን ከመስከረም ይጀምሩ፤ ያኔ ወንዙ ሙሉ ነው፣ በጋውም በልጉም ሳይከፈሉ አንድ ዓመት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ የየዓመቱን ዝቅተኛ የ7 ቀን አማካይ ከትንሹ ጀምረው ይደርድሩ። በ30 ዓመት መረጃ ሦስተኛው ቁጥር (የዓመታቱ ብዛት ሲደመር 1፣ ማለትም 31፣ ሲካፈል ለ3፣ 10.3 ዓመት) ለ7ኪው10 መቅረብ አለበት። በሎግ ፒርሰን 3 (በስታቲስቲክስ የስርጭት ቀመር) ያገኙት ከዚህ በጣም ከራቀ ቀመሩን ከመቀየርዎ በፊት መረጃውን ይፈትሹ። የጎደሉ ቀናት በወር አማካይ ተሞልተው ከሆነ ያውጧቸው፤ የበጋውን ወለል ከፍ ያደርጉታል።

ደለል፦ የጥር የሦስት ወር ኤስፒአይ የሚያየው ከኅዳር ወዲህ ያለውን ዝናብ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት መደበኛው ዝናብ ራሱ ኢምንት ስለሆነ የሁለት ቀን ካፊያ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ወንዙን በበጋ የሚያቆየው ክረምት ላይ ወደ መሬት የሰረገው ውሃ ነው። ስለዚህ የበጋውን ፍሰት መስከረም መጨረሻ ላይ ከሚወጣው የአራት ወር ኤስፒአይ ጋር ያነጻጽሩት፣ ወይም ከ12 ወሩ ጋር።

ኪው95ም ያሳስታል። ከዓመቱ ሙሉ ፍሰት ከተወሰደ በአማካይ በዓመት 18 ቀን ያህል ከሱ በታች መዋል የተለመደ ነው፤ ቀናቱም በጋ ላይ ይከማቻሉ። ይህ ድርቅ አይባልም። ለየወሩ የራሱን ኪው80 መነሻ ያድርጉ፤ በመሀላቸው ከ5 ቀን ያነሰ ክፍተት ያላቸውን ጉድለቶችም እንደ አንድ ይቁጠሩ።

ገባር፦ እጅግ አመሰግናለሁ። የሰው አጠቃቀምንስ እንዴት ልለየው?

የጣቢያ ሰው፦ እሱ ሳይለይ «ድርቅ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ባለ 3 ኢንች ሞተር በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ይስባል ቢባል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ 50 ሞተሮች አብረው ሲነሱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው። የሞተሮቹን ብዛትና የሚሠሩበትን ሰዓት ከወረዳው ግብርና ባለሙያዎች ይጠይቁና የተሳበውን ወደ ፍሰቱ ይመልሱት። ከቆቃ በታች ያለውን ጣቢያ ግን ለዚህ አይጠቀሙ፤ እዚያ የሚለኩት ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ ነው።

ሬቲንግ ከርቩንም (የውሃውን ከፍታ ወደ ፍሰት የሚቀይረውን ቀመር) ይመልከቱ። ክረምት ደለል ያመጣል፣ አልጋውንም ይቦረቡራል። ውሃው ከዜሮ ፍሰት ከፍታ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆንና የቀመሩ ኃይል 2 ሲሆን፣ የ1 ሴንቲ ሜትር የንባብ ስህተት ፍሰቱን 20 በመቶ ያዛባል። በጥርና በሚያዝያ በከረንት ሜትር (በውሃ ፍጥነት መለኪያ) ያስለኩ፦ ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መለኪያው ከውሃው ገጽ 60 በመቶው ጥልቀት ላይ ይቀመጥ፣ ስፋቱም ቢያንስ 20 ቦታ ይከፈል። ልኬቱ ከከርቩ ከሸሸ የዚያ ዓመት በጋ በአዲስ ከርቭ እንደገና ይሰላ።