እህቴ ድምጿ ታሟል፣ የጥር ሰርግ ደግሞ እየደረሰ ነው

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች? ስለ እህቴ ነው። ደሴ ውስጥ በሰርግና በባህል ምሽት ቤት ትዘፍናለች፣ ክራሩንም ራሷ ናት የምትመታው። ከመስከረም ወዲህ ድምጿ ጎርነን አለ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን፤ የደሴ ብርድ እያለ ሌላ ምን እንጠርጥር? ዝንጅብል በማር፣ ዳማ ከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ያልሞከረችው የለም። አልሻላትም፤ ጭራሽ አምባሰል ስትዘፍን ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምጿ ይሰነጠቅ ጀመር። አንገት በላይ ሐኪም በካሜራ አይቶ የድምፅ አውታሮቿ ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ እብጠት አለ አላት። ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፣ ድምፅሽን አሳርፊ ብሎ ሸኛት። ዘፋኝን ዝም በይ! ለጥር ሰርጎች ቀብድ ተቀብላለች፣ እሱም ለቤት ኪራይ ሄዷል። አሁን የምታወራን በሹክሹክታ ነው። ማታ ክራሩን ከግድግዳ ታወርድና አንድ ሁለት ክር ነካ አድርጋ መልሳ ትሰቅለዋለች። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አርቲስት ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ወልድዬው፦
አብሽር ወንድሜ። ዘፋኞች መድረክ ከመውጣታቸው በፊት የሚወጉት መርፌ አለ፣ ድምፅ ወዲያው ይከፍታል። ጥርን በሱ ትወጣውና ዓቢይ ጾም ሲገባ ታርፋለች።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
ኧረ በፈጣሪ፣ እንዲህ ያለ ምክር አትስጡ! መርፌው እብጠቱን ለጊዜው ይቀንሰዋል እንጂ አያድነውም። ሕመሙ ሲደበቅላት ደህና የሆነች መስሏት ትጮሃለች፣ ያኔ አውታሩ ሊደማ ይችላል። ሹክሹክታውንም ተዉት፣ እሱም ጉሮሮ ያስጨንቃል፤ ማውራት ካለባት ለስለስ ባለ በራሷ ድምፅ ታውራ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ። ማታ ከሥራ ገብታ፣ በልታ ወዲያው የምትተኛ ከሆነ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ወጥቶ አውታሩን ያቃጥለዋል። የከሰልና የሲጋራ ጭስም ጠላቷ ነው። እንዲህ ያለው እብጠት ብዙ ጊዜ በእረፍትና በድምፅ ልምምድ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ። ቢላ ከመጣ በኋላ ውጤቱ አይታወቅም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል በ2011 እ.ኤ.አ. ድምጿን ኦፕራሲዮን ሆና በወራት ውስጥ መድረክ ላይ ተመልሳለች። ተዋናይና ዘፋኝ የሆነችው ጁሊ አንድሩስ ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ተሠርታ ያ የዘፈን ድምጿ እንደ ድሮው አልተመለሰላትም።

ማሲንቆ መቺው፦
ነርሷ ልክ ናት። እኔ ግን ስለ ሥራው ልናገር። እህትህን የጎዳት ዘፈኑ ብቻ አይመስለኝም፣ ሳውንድ ሲስተሙ ነው። የዛሬ ሰርግ ቤት ስፒከሩ ያገሳል፣ ዘፋኝ ከሱ በላይ ለመሰማት ይጮሃል። ስትመለስ ለራሷ የሚሰማ ስፒከር አጠገቧ ይቀመጥላት፣ ካልሆነ አልዘፍንም ትበል። ሁለተኛው ቅኝቱ ነው። ክራሩን ላላ አድርጋ ዝቅ ብላ ትቃኘው። አምባሰል ዝቅ ብሎም አምባሰል ነው፣ ባቲም እንደዚያው፤ ሰው የሚወደው ለዛውን እንጂ ጩኸቱን አይደለም (ዲጄዎቹ አይስሙኝ)። እስከዚያ ደግሞ እጇ ደህና አይደለም እንዴ? እኔ ድምፄ የከዳኝ ጊዜ ሰርጉን ለባልደረባዬ አስተላልፌ ከጎኑ ማሲንቆ መታሁ። በጆሮው ግጥም እየነገርኩት እሱ ይቀበለኝ ነበር፣ በዚያ ሰሞን የገጠምኩትን ያህል ጤነኛ ሆኜም አልገጠምኩም። ሙሽሮቹን ግን አሁኑኑ አሳውቋቸው፣ ለሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ ይጣሏችኋል።

ወልድዬው፦
እሺ፣ መርፌውን ተውኩት። አላህ ያሽራት።

የፒያሳ ልጅ፦
አሜን፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የነርሷን ጽሑፍ አነበብኩላት፣ ሹክሹክታው ላይ ስንደርስ ሳቀች። ዝቅ ብሎ የተቃኘው አምባሰል ግን አልተዋጠላትም፣ "ይሄማ እንጉርጉሮ ነው" ብላ ደብተር ላይ ጻፈችልኝ። ክራር መምታቱን ተቀብላለች። ማሲንቆ መቺው፣ ሌላ ሰው ዘፍኖ እሷ ብትመታ ክፍያው እንዴት ነው የሚሆነው?

ማሲንቆ መቺው፦
እኛ ጋ ሽልማቱን እኩል ነው የምንካፈለው፣ ከዋናው ክፍያ ግን ለዘፋኙ ይበዛል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ መድረክ ላይ አይሆንም። የሰርጎቹን ቀን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ከጥምቀት ማግስት በቀር ክፍት ነኝ፣ የሚዘፍን ልጅም አላጣም።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
በደብተር መጻፏን ወድጄዋለሁ፣ በዚያው ትቀጥል። ሐኪሙ የቀጠራት ቀን እንዳያልፍ፣ ሰርግ ቢሆንም።