ጥቆማ፦ ወደ ጁፒተር ለምትሄድ መንኮራኩር ሶላር ወይስ ፕሉቶኒየም?

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ወደ ጁፒተር የምትሄድ መንኮራኩር በወረቀት ላይ እየነደፉ ነው። በኃይል ምንጩ ግን ለሁለት ተከፍለዋል፤ ገሚሱ ሶላር፣ ገሚሱ ፕሉቶኒየም ይላል። የምታውቁ ብትጠቁሙን።

መልስ፦ መምህር፣ ለጁፒተር ከሆነ ሶላር ይሻላል። በሙቀቱ ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ፕሉቶኒየም 238 እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ተማሪዎቹን ሊያሳስት የሚችለው ሶላሩን ምድር ላይ በሚሰጠው ዋት መገመት ነው። ጁፒተር ከፀሐይ የሚርቀው የምድርን አምስት እጥፍ ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ሃያ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ጁፒተር የተላከችው የናሳ መንኮራኩር ጁኖ እያንዳንዳቸው 9 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሦስት ክንፎች አሏት፤ ከ18 ሺህ በላይ የፀሐይ ሴሎች ተደርድረውባቸዋል። ምድር አጠገብ 14 ሺህ ዋት ማመንጨት የሚችሉት እነዚህ ክንፎች ጁፒተር ሲደርሱ የሰጡት 500 ዋት ገደማ ነው። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል! በዚያች ኃይል ካሜራው ያነሣል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ማሞቂያው ይሠራል፤ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስለዚህ ክንፉን ያስፉት። ወደ ጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ የተላከችው መንኮራኩር፣ የዩሮፓ ክሊፐር፣ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሜትር ያህል ነው። በእኛዋ ድንቅነሽ ስም የተሰየመችው መንኮራኩር ሉሲ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሁለት ክብ ክንፎች አሏት፤ ሲታዩ ያምራሉ፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከተነሣች በኋላ አንደኛው እስከ መጨረሻ ተዘርግቶ አልቆለፈም። እኔ እንደ ጁኖ የሚተጣጠፈውን ቀጥ ያለ ሰሌዳ እመርጣለሁ።

ወደ ሳተርን ቢሉኝ መልሴ ሌላ ነበር። እዚያ የሚደርሰው ብርሃን የምድርን አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳተርንን ያጠናችው መንኮራኩር ካሲኒም የሄደችው በፕሉቶኒየም ነው።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጥላውን ግን ይጨምሩበት። ጁኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በያዘችው መንገድ ብትቀጥል ኖሮ 12 ሰዓት ያህል በጁፒተር ጥላ ውስጥ ትቆይ ነበር። ባትሪዋ ያን ያህል አይችልም፤ በብርዱ ትሞት ነበር። ባለሙያዎቹ ትናንሾቹን ሞተሮች ለ10 ሰዓት ተኩል አሠርተው ምሕዋሯን አዛወሩት፤ ከፀሐይ ሳትለይ አለፈች። ተማሪዎቹ ምሕዋሩን ሲሥሉ ጥላው የሚያርፍበትንም ቦታ አብረው ይሣሉ።