ጥያቄ፦ በፖሊሶች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር?

ጠያቂ፦ ሳጅን ከዳርቻው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ አልቀው ማሳው በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ከተማው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥራችን ግን አያበቃም። ቱሉ ዲምቱ ላይ የተሰረቀ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ገላን ይገባና በሌላ ፖሊስ ሥልጣን ሥር ይሆናል፤ የአዳማን የፍጥነት መንገድ ከያዘ ደግሞ ለዚያኛው ፖሊስ የምንጽፈው የትብብር ደብዳቤ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት እስኪወጣ ድረስ የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። በዚህ ምክንያት ከ2 ዓመት በፊት ከተለያዩ ጣቢያዎች የተሰባሰብን መርማሪዎችና የፓትሮል አባላት የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን።

ከግሩፑ ያገኘሁትን ጥቅም አልክድም። አንድ አዲስ ኮንስታብል ስርቆት የተፈጸመበት ሱቅ ሄዶ የደኅንነት ካሜራውን ቅጂ ሲፈልግ፣ ምስክሩ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል» ስላለው መቅረጫው ላይ 02:30ን ከፍቶ ባዶ መንገድ ብቻ ያያል። ምንም የለም ብሎ ሊመለስ ሲል በግሩፑ ጠየቀ። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን መቅረጫው በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሠራና 20:30ን ማየት እንዳለበት ነገረው፤ አክሎም የመቅረጫውን ሰዓት ከራሱ ስልክ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በጽሑፍ እንዲይዝ አዘዘው። መቅረጫው 17 ደቂቃ ይቀድም ነበር። ይህን ትምህርት በየትኛውም የሥልጠና ደብተሬ ላይ አላገኘሁትም።

ነገር ግን ውሎ ሲያድር የተጠርጣሪ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የምስክር ስልክ ቁጥር ሳይቀር ይለጠፍ ጀመር። በቅርቡ አንድ ባልደረባችን የለጠፈውን የተጠርጣሪ ፎቶ በማግሥቱ ሻይ ቤት ውስጥ በማላውቀው ወጣት ስልክ ላይ አየሁት። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግሩፑን እንዝጋው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የምናጣው ነገር ያሳዝነኛል። ልምድ ያላችሁ ሰዎች መስመሩን የት ላይ ታሰምሩታላችሁ?

ጡረተኛው መርማሪ

ልጄ ሳጅን፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እባካችሁ አትዝጉት። እኔ ከሥልጠና በኋላ የተማርኩት ሁሉ ከአንድ ዋና ሳጅን አጠገብ ተቀምጬ፣ ቃል ሲቀበል እያየሁ ያገኘሁት ነው፤ ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ እውቀቱም አብሮት ወጣ። ደም የነካ ልብስ በፌስታል ከታሰረ በእርጥበቱ እንደሚበላሽና አየር ላይ ደርቆ በወረቀት መጠቅለል እንዳለበት ያወቅሁት አንድ ኤግዚቢት፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የማስረጃ ዕቃ፣ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምጠይቀው ሰው በስልኬ ላይ ቢኖረኝ ኖሮ የአንዲት እናት ጉዳይ ባልተጓደለ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

እንዴት እንደሠራችሁት ተነጋገሩበት፤ በማን ላይ እንደሠራችሁት አያስፈልግም። ስም፣ ሰሌዳና ሠፈር ሲወጣ ትምህርቱ ምንም አይጎድልበትም።

ዐቃቤ ሕግ ነኝ፣ የምጽፈው በግሌ ነው

ሳጅን፣ ሻይ ቤት ውስጥ ያዩት ፎቶ ከሁሉም በላይ ሊያሳስብዎ ይገባል። ምክንያቱን ከገጠመኝ ልንገርዎ። በአንድ የቅሚያ ወንጀል መዝገብ ላይ የግል ተበዳይዋ ተጠርጣሪውን ከሌሎች ሰዎች መካከል ያለምንም ማመንታት ለይታ ነበር፤ ምርመራውን የያዘው ፖሊስም ሥርዓቱን ጠብቆ፣ በቁመትና በመልክ የሚቀራረቡ ሰዎችን አሰልፎ ነበር ያስመረጣት። ችሎት ላይ ግን የተከላካይ ጠበቃው «ይህን ሰው ከድርጊቱ በኋላ፣ ፖሊስ ጣቢያ ከመምጣትዎ በፊት አይተውት ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃት። እርሷም እውነት ተናጋሪ ስለነበረች «አዎን፣ ጎረቤቴ ቴሌግራም ላይ አሳይታኛለች» አለች። ከዚያ ወዲያ የለየችው የቀማትን ሰው ይሁን ፎቶውን ያየችውን ሰው ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም። ተከሳሹ በነፃ ተሰናበተ። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ የምናውቅበትን መንገድ የዘጋነው እኛው ነን፤ ሰውየው ንጹሕ ከነበረም ፎቶው እስከ ዛሬ ድረስ ሌባ እያለ ይዞርበታል።

መርማሪ ለምን እንደሚቸኩል ይገባኛል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመርማሪው ጣት ስልኩ ላይ የሚሮጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ የ48 ሰዓት ገደብ ያስቀመጠው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያዛል። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስላለ «የምንለዋወጠው በመካከላችን ነው» የሚለው መልስ በቂ አይሆንም።

ሌላው፣ በግሩፑ የሚጻፍ ግምት ነው። «እገሌ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ የተጻፈ መልእክት መዝገቡ ላይ የለም፤ ስክሪን ሾቱ ግን ከስድስት ወር በኋላ በጠበቃ እጅ ሊገኝ ይችላል።

የኔትወርክ ባለሙያ

በቴክኒኩ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጨምር። የቴሌግራም ተራ ግሩፕ ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ የተቆለፈ አይደለም። መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚከፈተው ሚስጥራዊ ውይይት ነው። ዋትስአፕ ግሩፕን ጭምር ይቆልፋል። ነገር ግን የትኛውም ቁልፍ አንድ አባል ፎቶውን ለወንድሙ ከማሳየት አያግደውም። ፎቶ በራሱ ጊዜ ወደ ጋለሪ የሚወርድበት ሴቲንግ ክፍት ከሆነ ልጅ ጌም ሊጫወትበት የያዘው ስልክ ውስጥ የአስከሬን ምስል ይገኛል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ፖሊሶች እንዲጠብቁ በተመደቡበት የግድያ ሥፍራ የተገደሉ ሁለት እህትማማቾችን ፎቶ አንሥተው በዋትስአፕ አሰራጩ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 እያንዳንዳቸው በ2 ዓመት ከ9 ወር እስራት ተቀጡ።

ጡረተኛው አባታችን ያሉት ነገር በሌላው ዓለም በአሠራር ደረጃ ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም የሆነው ዩሮፖል የጉዳይ መረጃ የሚያስተላልፈው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚሠራው ሲዬና በሚባል መስመር ሲሆን፣ ባለሙያዎች ስለ ሙያቸው የሚወያዩበት መድረክ ደግሞ ለብቻው ተለይቶ የቆመ ነው። የእንግሊዝ ፖሊሶችም ፖልካ የሚባል፣ ለእውቀት መለዋወጫ ብቻ የተሠራ የውስጥ መድረክ ነበራቸው። ኢንተርፖል አይ-24/7 በሚባለው መስመሩ አባል አገሮችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያገናኛል፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ መልእክት ማን ላከው፣ ማን ተቀበለው የሚለው ይታወቃል። የእናንተ ግሩፕ የጎደለው ይኸው ነው፤ ፎቶውን ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ ያላወቃችሁትም ለዚህ ነው። ከሥራ የለቀቀና የተዛወረ አባል ስሙ አሁንም በግሩፑ ውስጥ እንዳለ ዛሬውኑ ተመልከቱ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ

ወንድሞቼ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ግን አንድ ነገር ልበል። የእህቴ ልጅ ጠፍቶ ፎቶው ከነትምህርት ቤቱ ስም በነዋሪዎች ግሩፕ ተለጠፈ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና በዚያው ምሽት ተገኘ። ፎቶው ግን ከግሩፕ ወደ ግሩፕ መዞሩን አላቆመም፤ ከዓመት በኋላ እንኳን «አፋልጉኝ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ወደ እኔው ስልክ መጣ። ልጁን ትምህርት ቤት «የጠፋው» እያሉ ይጠሩታል። ሲለጠፍ ያየን ሁሉ «ተገኝቷል» የሚለውንም በዚያው ቦታ ብናየውና የመጀመሪያው ቢጠፋ ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር።

ሳጅን ከዳርቻው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባታችን፣ የእናቲቱን ጉዳይ ስላካፈሉን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ጠፋው ልጅ የጻፍሽልን እህቴ፣ ያንቺን መልእክት እንዳለ ለባልደረቦቼ አነብላቸዋለሁ። ከአድሚኑ ጋር ተነጋግረን የቆዩ ፎቶዎችን ማጥፋት ጀምረናል። ቴሌግራም ላይ አድሚን የሌሎችንም መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ስለሚችል ይህ ቀላል ነው፤ ሰዎች ስልክ ውስጥ የወረደውን ግን ማጥፋት አንችልም። 4 የለቀቁ አባላት አሁንም ውስጥ ነበሩ።

ለአስቸኳዩ ጉዳይ ደግሞ ትናንት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ላይ የመኪና ስርቆት ጥቆማ ሲደርሰኝ ግሩፑ ላይ አልጻፍኩም፤ ገላን ላለው ተረኛ ደውዬ ሰሌዳውንና ቀለሙን ነገርኩትና የደወልኩበትን ሰዓትና የተቀበለኝን ሰው ስም ከነማዕረጉ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። ስልኩ እስኪነሣ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ደብዳቤው ጠዋት ተከተለ።