ያረጀ ውሻና ድመት ይዤ ሐረር ልገባ ነው፤ የትኛውን ሰፕሊመንት ልጫን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከካልጋሪ ጠቅልዬ፣ በልጅነቴ ወደወጣሁባት ሐረር ልገባ ነው። የ12 ዓመት ውሻና አንዲት ድመት አሉኝ። ውሻዬ ደረጃ መውጣት ትቶ ውሎው ምንጣፍ ላይ ሆኗል። «ለማይቶኮንድሪያ ጤና» የሚል እንክብል ገዛሁለት። እዚያ አይገኝም ብዬ የዓመቱን ልሸክም? ለሁለቱም አንዱን ብሰጥስ?

መልስ፦
እህቴ፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቺ ብልሽ እንዳይከፋሽ፣ እኛ ጋ አንቱታ የለም። ከኦታዋ ያረጀ ውሻ ይዤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስገባ የሻንጣዬ ግማሹ እንክብል ነበር።

ማይቶኮንድሪያ በየሴሉ ውስጥ ሆና ምግቡን ወደ ጉልበት የምትለውጠው ናት። ልብና ጡንቻ ላይ ትበዛለች፣ በእርጅና ትደክማለች። እስከዚህ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ብልቃጡ ላይ ያለው አብዛኛው የሻጭ ወሬ ነው። እንዲህ ባሉ እንክብሎች ውስጥ የሚጨመረው ኮኪውቴን ጉልበት በማምረቱ ሥራ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ግን ሰውነት ራሱ ያዘጋጀዋል። ሌላው የሚጨመረው ኤል ካርኒቲን ስቡን ወደ ማይቶኮንድሪያ ያስገባል፤ ቦክሰር የሚባሉት ውሾች ላይ ጉድለቱ ከልብ ሕመም ጋር ታይቷል፤ ያ ግን ሐኪም የሚከታተለው በሽታ እንጂ እርጅና አይደለም።

ለሁለቱም አንዱን ያልሽውን በፍጹም እንዳታደርጊው። ብልቃጡ ላይ አልፋ ሊፖይክ አሲድ የሚል ካየሽ ድመቷ አጠገብ አይድረስ። ውሻ የሚችለውን መጠን እሷ አትችልም፤ ከውሻ 10 እጥፍ ገደማ ይብስባታል፣ ጉበቷን ይጎዳዋል። ለውሻው ደግሞ ለሰው የተሠራውን አትስጪው። ከሚታኘኩትና ከፈሳሾቹ ውስጥ በዛይሊቶል የጣፈጡ አሉ፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ አውርዶ ይጥለዋል። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ።

የኔ የዓሣ ዘይት እንክብል በግንቦት ሙቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ቀልጦ አንድ ጉብታ ሆኖ ጠበቀኝ። አሸተትኩት፣ የከረመ ዓሣ ነው፤ ወረወርኩት። ሐረር ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለችና አንቺ ትሻያለሽ።

ውሻዬ ግን ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ፈዘዘ፣ ምግብ ተወ። እኔ «ጉልበት አነሰው» እያልኩ እንክብሉን እጨምርለታለሁ! በመጨረሻ ሐረማያ የተማረ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከንፈሩን ገለበጠና ድዱን አሳየኝ፤ ወረቀት መስሏል። ጆሮውን ቢያጥፈው ሦስት የተነፉ መዥገሮች ተለጥፈዋል። ደሙን አየ፤ ኤርሊኪያ ነው፣ ቡናማው የውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ለ28 ቀን አዘዘለት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ባጃጅ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። ጎረቤቶቼ ተቆጡ፣ እኔ ሳቅሁ።

ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት እዚያው ካልጋሪ ደሙን፣ ልቡንና መገጣጠሚያውን አስመርምሪ። ደረጃ የተወ ያረጀ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚያመው መገጣጠሚያው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሕክምና አለው። ሐኪሙ ራሱ ኮኪውቴን ካዘዘ ከምግብ ጋር ስጪው፣ በስብ ነው የሚሟሟው።

ጠያቂዋ፦
ብልቃጡን አሁን አነበብኩት፣ አልፋ ሊፖይክ አሲድ አለበት። ትናንት ልሰጣት ነበር እኮ! በቃ፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ተረፈኝ፤ በምን ልሙላው?

መልስ፦
በመዥገር መከላከያ። እንደ ክብደቱ ስለሚለያይ ውሻውን መዝነሽ ግዢ። የድመቷን ለብቻዋ፤ ለውሻ ከተሠሩት መከላከያዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለባቸው አሉ፣ ድመት ይገድላል። እንዲህ ያለውን ከቀባሽው ሁለቱን አንድ ላይ አታስተኛቸው፣ ትልሰዋለች።

ማታ ማታ ደግሞ ድመቷን ቤት አስገቢ። ስትወጪ ልጅ ነበርሽ፣ ረስተሽው ይሆናል፤ ጅቡ ጀጎል ውስጥም ይገባል።