ሲሞቅ የሚጠፋ የ1970 ኤም ጂ ቢ፦ ጥፋቱ ከኮረንቲው ነው ወይስ ከቤንዚኑ?

የቅዳሜ ሾፌር፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲሆን ከሁለት ዓመት በፊት እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት የሆነች ክፍት ኤም ጂ ቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ገዝቻለሁ። ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ ካርቡረተሮቿ ሁለት ኤስ ዩ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሯም ያው ባለ ኮንታክት ፖይንቱ (የኮይሉን ኮረንቲ እየከፈተ የሚዘጋው ማብሪያ ያለበት) ሉካስ 25ዲ4 ነው። ጠዋት ስትነሣ ምንም እንከን የለባትም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳች በኋላ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ትንገጫገጭና ድርግም ብላ ትጠፋለች። መንገድ ዳር ሩብ ሰዓት ያህል ካቆምኳት ምንም እንዳልነካት ሁሉ መልሳ ትነሣለች። በመጋቢት ካንዴላዎቹን፣ የካንዴላ ገመዶቹን፣ ኮንታክት ፖይንቱንና ኮንደንሰሩን (ፖይንቱ ሲከፈት ብልጭታውን የሚያፍነውን ትንሽ ዕቃ) በአዲስ ቀይሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጋራዥ የቤንዚን ፓምፑን ቀይሮ ቀላል የማይባል ገንዘብ ተቀብሎኛል፤ ሕመሟ ግን ባለበት ነው። አሁን ኮይል (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረውን) ልግዛ ወይስ ሌላ የምመረምረው ነገር አለ?

ቤንዚን ቤንዚን፦
እኔ ከቤንዚኑ አልወጣም። እዚያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት በሙቀት ቶሎ ይተናል፤ ካርቡረተሮቹም ከጭስ ማውጫው በላይ ስለተቀመጡ በበጋ ሙቀት ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ቢፈላ የሚያስገርም አይደለም። ስትጠፋ ቁልፉን ከፍተው ፓምፑን ያዳምጡ፤ ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ከሆነ የሚገፋው ቤንዚን አጥቷል ማለት ነው።

አሮጌ ጋራዥ፦
ወንድሜ፣ ኮይሉን አይግዙ፤ ቢያንስ ዛሬ አይግዙ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀሁት በፊያት ሞተሮች ላይ ነው፤ ኮንታክት ፖይንት ግን የእንግሊዝም ሆነ የጣሊያን ጠባዩ አንድ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርዎት።

በመጀመሪያ ምንም ወጪ የማይጠይቀውን ምርመራ ያድርጉ፤ እርሱም የዙር ቆጣሪውን መመልከት ነው። በእርስዎ መኪና ላይ ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው ኮንታክት ፖይንቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ወደ ኮይሉ በሚሄደው ኮረንቲ ላይ የሚፈጠረውን መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ባዶና ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ስትጠፋ ማርሹን አያውጡ፣ ፍሪሲዮኑንም አይርገጡ፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ጥቂት ይሂድ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ጠቋሚው በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ ከቁልፉ እስከ ኮንታክት ፖይንቱ ባለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ውስጥ ነው። ጠቋሚው ከሞተሩ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ያ መስመር ደኅና ነው፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ወይም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ወደሚዞረው ሮተር፣ ወደ ዲስትሪቢዩተር ክዳኑና ወደ ካንዴላ ገመዶቹ ይዞራል።

ጠቋሚው ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ቴስተር ይዘው ይውረዱ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው፣ መኪናዋን በአራተኛ ማርሽ ትንሽ ገፋ አድርገው ኮንታክት ፖይንቱ እንዲከፈት ያድርጉ፤ ከዚያም ቁልፉን ይክፈቱ። በኮይሉ ፖዘቲቭና በማሳ (በመኪናዋ የብረት አካል) መካከል የባትሪው 12 ቮልት ያህል መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ቁልፉንና ከእርሱ የሚመጣውን ነጭ ሽቦ ይከተሉ። በኔጋቲቩም ላይ እንዲሁ 12 መገኘት አለበት፤ ምክንያቱም ፖይንቱ ክፍት ከሆነ ኮረንቲው መውጫ የለውም። በኔጋቲቩ ላይ ዜሮ ካነበቡ ጥቁር መስመር ያለበትን ነጭ ሽቦ ከኮይሉ ላይ ነቅለው ደግመው ይለኩ። አሁንም ዜሮ ከሆነ ኮይሉ ውስጡ ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ ይግዙ። ንባቡ ወደ 12 ከተመለሰ ግን ኮይሉ ንጹሕ ነው፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ አንድ ነገር ማሳ እየነካ ነው።

ፖይንቱ ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን ከፍተው ብዙ አይቆዩ፤ ኮይሉ ያለ ሥራ ይግላል። ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1968 በፊት በተሠራ ኤም ጂ ቢ ላይ የሚሞክር ካለም ማሳው ፖዘቲቭ መሆኑን ልብ ይበል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ልጠይቅዎት ይገባ ነበር፤ መጥፋት የጀመረችው በመጋቢት ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ፈጣን መንገድ፦
እኔ ብሆን ይህን ሁሉ ትቼ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን እገጥም ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ይገባል፣ ኮንታክት ፖይንትም ኮንደንሰርም አያስፈልግም።

አሮጌ ጋራዥ፦
መግጠሙ አይከፋም፤ ሳይመረምሩ መግጠሙ ነው የሚከፋው። ጥፋቱ ቁልፉ ላይ ወይም ነጩ ሽቦ ላይ ከሆነ አዲሱ ዕቃም እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋል፤ እንዲያውም የቮልቴጅ መውረድን ከኮንታክት ፖይንት ያነሰ ነው የሚታገሠው።

የቅዳሜ ሾፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋች፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ጠቋሚው ከ2500 በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ተኛ። ፖዘቲቩ ላይ 12.1 አነበብኩ፤ ኔጋቲቩ ላይ ፖይንቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ዜሮ። ሽቦውን ስነቅል ወደ 12 ተመለሰ። ለጥያቄዎም መልሱ በኋላ ነው። በመጋቢት ዕቃዎቹን የቀየርኩት ለወትሮው ጥገና እንጂ ታማ አልነበረም፤ መጥፋት የጀመረችው በግንቦት፣ ሙቀቱ ሲመጣ ነው። አዲስ የቀየርኩትን ዕቃ መጠርጠር አልመጣልኝም።

አሮጌ ጋራዥ፦
እንግዲህ ቀርበናል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ፖይንቱ የታሰረበት ብሎን ላይ ያለው ማገጃ ነው፤ ሽቦዎቹን በቦታቸው ካላስገቧቸው ማሳ ይነካሉ፤ ይህ ቢሆን ግን በብርዱም አትነሣም ነበር። ሁለተኛው ከጎን ወደ ፖይንቱ የምትገባው አጭር ተለማጭ ሽቦ ናት፤ ቫኪዩሙ (የሞተሩ የአየር መሳብ) ፖይንቱ የተቀመጠበትን ሳህን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ስለምትጎተት ልባሷ ይሰነጠቃል፤ በጣት እያንቀሳቀሱ ይዩአት። ሦስተኛው ኮንደንሰሩ ነው፤ በእርሱ ብወራረድ አልፈራም። ሲሞቅ ውስጡ ከተገናኘ ፖይንቱ ቢከፈትም ኮረንቲው በኮንደንሰሩ በኩል ወደ ማሳ መሄዱን አያቆምም፤ ኮረንቲው ካልተቋረጠ ደግሞ ኮይሉ እሳት አይሰጥም። የነቀሉትን ሽቦ መልሰው፣ ሞተሩ በሞቀበት የኮንደንሰሩን ሽቦ ብቻ ያላቁና ይለኩ። የድሮውን ኮንደንሰር ጥለውታል?

የቅዳሜ ሾፌር፦
አልጣልኩትም፤ ከአሮጌዎቹ ካንዴላዎች ጋር በካርቶን ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንደገና እስክትጠፋ ነዳኋት፤ የኮንደንሰሩን ሽቦ ባላቀቅኩበት ቅጽበት ንባቡ ከዜሮ ወደ 12 ዘለለ። አዲሱ ኮንደንሰር ሲዳሰስ ጣት ያቃጥል ነበር። እዚያው መንገድ ዳር የድሮውን አሰርኩት፤ አንዱ ብሎን ከእጄ አምልጦ ሳህኑ ሥር ገብቶ ግማሽ ሰዓት አስለፋኝ እንጂ ሥራው ራሱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳላቆም ነዳኋት፣ አልጠፋችም።

አሮጌ ጋራዥ፦
መልካም። ፖይንቱ በዚያ ሁሉ መጥፋትና መነሣት ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ፊቱን ይመልከቱት፤ ክፍተቱን ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ያንን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሲሠሩ ደግሞ ጨርቅ ዲስትሪቢዩተሩ ሥር ያንጥፉ፤ ብሎኑ ሁልጊዜ ይወድቃል።